ያመኑት ፈረስ ሲጥል
በኢሜይል ማጣሪያ ውስጥ ስላለው «የታመኑ ላኪዎች ዝርዝር» እና ስለ አቤቱታ መንገዱ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ባለፈው ዓመት በእኛው መካከል የደረሰውን አንድ ነገር እናስቀድማለን። ሳናስቀድም ብንቀር ጽሑፉ የደረቀ ትምህርት ይሆንብናል።

አንዲት እጩ መምህርት ጓደኛችን የኮኪት አካባቢ ልጅ ናት። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ከቤተሰቧ ጋር ሰሊጥ ስታጭድ ሰንብታ፣ ያገኘችውን ገንዘብ ለዓመቱ መቋቋሚያ ይዛ መጣች። ኅዳር ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኢሜይል ተላከላት። አንዱ «ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝተሻል፤ የማመልከቻ ማስኬጃ ክፍያ በአምስት ቀን ውስጥ ላኪ» ይላል። ሁለተኛው የማስተማር ልምምድ ምደባዋን የሚገልጽ ነበር፤ ቋራ፣ ገለጉ ተመድበሻል፣ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ስጪ የሚል።

የመጀመሪያው ውሸት ነበር። ሁለተኛው እውነት ነበር። ሆኖም ውሸቱ ገቢ መልእክት ሣጥኗ ውስጥ ከላይ ተቀመጠ፤ እውነቱ አይፈለጌ መልእክት በሚጣልበት ሣጥን ውስጥ ተቀበረ። ገንዘቧ ሄደ። ምደባውም ጊዜው አልፎ ልምምዷ ወደሚቀጥለው መንፈቅ ተዛወረ።

ስናጽናናት አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። «ኮምፒውተሩ ራሱ አጣርቶ ሰጠኝ እኮ! ሐሰት ቢሆን ኖሮ ወደ መጣያው አይጥለውም ነበር ወይ?» አለችን። መልስ አጣን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

ማጣሪያው እንዴት ይሠራል?

አይፈለጌ መልእክት የዛሬ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጌሪ ተርክ የተባለ የአንድ ኮምፒውተር ፋብሪካ ሻጭ፣ በዚያን ጊዜ አርፓኔት ይባል በነበረው መረብ ለ400 ሰዎች ገደማ ሳይጠይቃቸው ማስታወቂያ ላከ። የመጀመሪያው አይፈለጌ ኢሜይል ይህ ነው ይባላል። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1980ዎቹ ኢሜይል አዲስ አበባ ካለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በስልክ መስመር እየተጠራቀመ ይላክ ነበር። በይፋ ኢንተርኔት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ደጉም ክፉውም በዚያው መጣ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ደብዳቤ ሰው ቁጭ ብሎ ሊለየው ስለማይችል ማጣሪያ ሶፍትዌር ተሠራ። በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ስፓምአሳሲን ነው። ጀስቲን ሜሰን የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣው፤ ማንም በነጻ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ይችላል። የእኛም ተቋም የኮምፒውተር መምህር በሚያስተዳድሩት አነስተኛ የመልእክት ሰርቨር ላይ የሚሠራው ይኸው ነው።

አሠራሩ ለመምህር አዲስ አይደለም፤ እንደ ፈተና እርማት ነው። ደብዳቤው በብዙ ጥያቄዎች ይፈተናል። ርዕሱ በሙሉ ጩኸት ነው? ነጥብ ይጨመርበታል። ላኪው ነኝ ያለውና በእርግጥ የተላከበት ቦታ አይጣጣሙም? ይጨመርበታል። ገንዘብ አምጡ የሚል የታወቀ አነጋገር አለበት? አሁንም ይጨመርበታል። በተለመደው አደረጃጀት ድምሩ 5 ሲደርስ ደብዳቤው አይፈለጌ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዚህ እርማት ብዙ ነጥብ ያገኘ ይወድቃል እንጂ አያልፍም።

የታመኑ ላኪዎች ዝርዝር ምንድን ነው?

ማጣሪያ ይሳሳታል። ቅን ደብዳቤም አንዳንዴ መጥፎ ይመስላል። የባንክ ማስታወቂያ ስለ ገንዘብ ያወራል፤ የሆስፒታል ደብዳቤ ስለ መድኃኒት ያወራል። ስለዚህ መልካም ስም ያላቸውን ላኪዎች ሰርቨሮች ቁጥር መዝግቦ የሚይዝ ዝርዝር አስፈለገ። ይህ «ነጭ ዝርዝር» ወይም የታመኑ ላኪዎች ዝርዝር ይባላል።

ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ እንየው። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውሃና ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና ኬላ ላይ ይቆማል። ፈታሹ እያንዳንዱን ጆንያ ቢያራግፍ ሰልፉ እስከ ድንበር ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሌላ አካል «እነዚህ ሰሌዳዎች የታወቁ ናቸው፣ ፍተሻ አቅልሉላቸው» ብሎ ዝርዝር ጽፎ ሰጠው እንበል። ሰሌዳው ዝርዝሩ ላይ ካለ መኪናው በቶሎ ያልፋል። ነጭ ዝርዝርም እንዲሁ ነው።

በኢሜይል ዓለም ሰሌዳው የላኪው ሰርቨር የአይፒ ቁጥር ነው። ማጣሪያው ደብዳቤ ሲደርሰው ቁጥሩን፣ ለምሳሌ 192.0.2.45ን፣ ከኋላ ወደ ፊት 45.2.0.192 ብሎ ይገለብጥና የዝርዝሩን ስም ቀጥሎበት በዲኤንኤስ በኩል ይጠይቃል። ዲኤንኤስ ማለት የኢንተርኔት የስምና የቁጥር ማውጫ ነው። ዲኤንኤስ ደብሊው ኤል የሚባለው የታወቀ ዝርዝር ለጥያቄው በአራት ደረጃ ይመልሳል፤ ምንም፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ እምነት። በስፓምአሳሲን የተለመደ ስሌት ዝቅተኛው 0.7፣ መካከለኛው 2.3፣ ከፍተኛው 5 ነጥብ ከደብዳቤው ድምር ላይ ያስቀንሳል። የመጀመሪያው ደረጃ ግን ይህ ነው የሚባል ቅናሽ የለውም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ደብዳቤ እንመለስ። መምህሩ የደብዳቤውን ራስጌ ከፍተው አሳዩን። ራስጌ ማለት በተለምዶ የማይታየው የላይኛው ክፍል ነው፤ ደብዳቤው ያለፈባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ማኅተማቸውን የሚያሳርፉበት ነው። ማጣሪያው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ለዚያ ደብዳቤ 6.4 ነጥብ ሰጥቶታል። መውደቅ ነበረበት። ነገር ግን የተላከው ከአንድ ውጭ አገር የሚገኝ የትምህርት ተቋም ሰርቨር ነበር፤ የአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ተሰርቆ ኖሯል። ሰርቨሩ በነጭ ዝርዝር ላይ መካከለኛ እምነት ነበረው። ስለዚህ፦

6.4 ሲቀነስ 2.3 = 4.1

ከ5 በታች ስለሆነ አለፈ! እምነቱ ከፍተኛ ቢሆን ኖሮ 1.4 ብቻ ይሆን ነበር። ዝቅተኛ ቢሆን ግን 5.7 ሆኖ ይያዝ ነበር። የጓደኛችን የአጨዳ ገንዘብ የተበላው በዚህች የቅናሽ ልዩነት ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ የዝርዝሩ ባለቤት የት ነበር?

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። «ዝርዝሩን የሚጠብቁት ሰዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያልፍ ዝም ብለው ያያሉ ወይ?» ይባላል። አያዩም! የዝርዝሩ ባለቤት ደብዳቤውን በጭራሽ አያየውም። ወደ እሱ የሚደርሰው «ይህ ቁጥር ይታመናል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱም «አዎ፣ በመካከለኛ ደረጃ» ይላል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው የልደት መልካም ምኞት ይሁን የዘረፋ ወጥመድ አያውቅም። ኬላው ላይ ሰሌዳ ጻፈ ያልነው ሰውም ቢሮው ተቀምጦ የጆንያው ውስጥ አይታየውም።

ደብዳቤውን ያየው ተቀባዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ያየውን ለዝርዝሩ ባለቤት የሚያደርስበት መንገድ ከሌለ፣ ዝርዝሩ በተጻፈበት ቀን እውነት የነበረውን ነገር ይዞ እንደ ቆመ ይቀራል። ዛሬ ታማኝ የነበረ ነገ ሊሰረቅ ይችላል፤ ዝርዝሩ ግን አልሰማም።

ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በዓለም ደረጃ የታየ ነው። ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ።

አንደኛው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ሄቢየስ የሚባል ኩባንያ አንድ ብልሃት አመጣ። ቅን ላኪዎች በደብዳቤያቸው ራስጌ ላይ ኩባንያው መብቱን ያስጠበቀባትን አጭር ግጥም እንዲያስገቡ አደረገ። ያለ ፈቃድ የተጠቀመባትን እከሳለሁ አለ። ማጣሪያዎችም ግጥሟን ሲያዩ ነጥብ ይቀንሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አጭበርባሪዎቹ ግጥሟን እየገለበጡ ራሳቸው ይለጥፏት ጀመር። ክስ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ደብዳቤ ፈጣን ነው። የማለፊያ ምልክት የነበረው የሌባ መግቢያ ሆነ።

ሁለተኛው፦ በግንቦት 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ማይክሮሶፍት ይፋ እንዳደረገው፣ ኖቤሊየም ብሎ የሰየመው ቡድን የዩኤስኤይድን የጅምላ ኢሜይል መላኪያ መለያ ሰብሮ ገባ። መለያው የነበረው ኮንስታንት ኮንታክት በሚባል የታወቀ አገልግሎት ላይ ነው። ከ150 በላይ በሆኑ ድርጅቶች ውስጥ ወደ 3,000 ለሚጠጉ አድራሻዎች ወጥመድ ያለበት ደብዳቤ ተላከ፤ ተቀባዮቹም ቢያንስ በ24 አገሮች ይገኙ ነበር። የመላኪያው አገልግሎት እውነተኛ፣ መለያውም እውነተኛ ነበር፤ ሐሰቱ ጭነቱ ነበር። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹን ማጣሪያዎች እንደያዟቸው ማይክሮሶፍት ገልጿል፤ ይሁንና የተወሰኑት ሳያልፉ እንዳልቀሩም አልሸሸገም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ነው።

የአቤቱታ መንገዱ እንዴት ይታከላል?

ስፓምአሳሲን ድሮውንም አንድ ትእዛዝ አለው። ተጠቃሚው «ይህ አይፈለጌ ነው» ሲል፣ ሶፍትዌሩ ስለ ደብዳቤው ሬዘር፣ ፓይዞርና ስፓምኮፕ ወደሚባሉ የአይፈለጌ መልእክት መዝጋቢዎች ሪፖርት ሊልክ ይችላል። ይህ መልካም ነው። ግን ተመልከቱ፤ እነዚህ ሁሉ የጥፋተኛ መዝጋቢዎች ናቸው። ለጥፋተኛው ማለፊያ የሰጠው አካል አልተነገረውም። የሚታከለው ክፍል ይህን ጎደሎ የሚሞላ ነው። ሥራው በአራት ደረጃ ሊታይ ይችላል።

ሀ/ ማጣራት። ተጠቃሚው ደብዳቤን አይፈለጌ ነው ብሎ ሲያመለክት፣ ሶፍትዌሩ «ይህ ደብዳቤ በነጭ ዝርዝር ምክንያት ነጥብ ተቀንሶለት ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተቀነሰለት ለዝርዝሩ ባለቤት የሚነገር ነገር የለም።

ለ/ ቁጥሩን መያዝ። በራስጌው ላይ ብዙ የአይፒ ቁጥር ይኖራል። አጭበርባሪ የሐሰት ማኅተም መጨመር ይችላል። ስለዚህ የሚወሰደው የራሳችን ሰርቨር በእጁ የጻፈው መስመር ብቻ ነው፤ «ይህን ደብዳቤ ከዚህ ቁጥር ተቀበልኩ» ያለው። ከዚያ በታች ያለው የሌላ ሰው ወሬ ነው።

ሐ/ ማዘጋጀት። ለዚህ የሚሆን የታወቀ ቅርጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አርኤፍሲ 5965 ተብሎ ወጥቷል። ሦስት ክፍል አለው፤ ለሰው የሚነበብ አጭር መግለጫ፣ ለማሽን የሚነበብ መረጃ እንደ ቁጥሩና ሰዓቱ ያለ፣ በመጨረሻም ዋናው ደብዳቤ ወይም ቢያንስ ራስጌው።

መ/ መላክና መልስ መስማት። አቤቱታው ለዝርዝሩ ባለቤት ይደርሳል። እሱም ከሌሎች አቤቱታዎች ጋር ያስተያያል፣ የሰርቨሩን ባለቤት ያስጠነቅቃል፣ ካልታረመ የእምነት ደረጃውን ዝቅ ያደርጋል ወይም ከነጭራሹ ያወጣዋል።

የኮምፒውተር መምህራችን ይህን ሁሉ በእጃቸው ሠሩት። የጓደኛችንን ፈቃድ ጠይቀው ደብዳቤውን ከነራስጌው ለዝርዝሩ ባለቤቶች ላኩ። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ ከሌሎች ቦታዎችም ተመሳሳይ አቤቱታ ደርሷቸው ነበርና የሰርቨሩ ደረጃ ለጊዜው ወደ ዝቅተኛ ወረደ። በሚቀጥለው ሳምንት ያው የማታለያ ደብዳቤ ለሌሎች ሁለት ልጆቻችን ተላከ። 5.7 አምጥቶ ወደቀ! የጓደኛችን ገንዘብ አልተመለሰም፤ የእነዚያ ሁለቱ ግን ተረፈ።

አቤቱታም ራሱ ሊበላሽ ይችላል

ይህን ስንል «ያልወደዳችሁትን ሁሉ ክሰሱ» ማለታችን አይደለም። የሐሰት አቤቱታ እውነተኛውን ላኪ ይጎዳል። በዚያው ሳምንት ቅኑ የምደባ ደብዳቤ ለምን ወደቀ? መምህሩ ሲመረምሩት፣ የተላከበትን ሰርቨር ብዙ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ይጠቀሙበት ነበር። የአንዱ ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዞ ቆሻሻ ሲረጭ፣ የሁሉም ቁጥር በጥቁር መዝገብ ገባ። በአንዱ ጥፋት ጎረቤት ተቀጣ ማለት ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ ራሳችን ተመዝግበን የምንቀበለውን መጽሔት ስለሰለቸን ብቻ «አይፈለጌ» አንበለው። መውጫውን ተጭነን እንሰናበተው።

2ኛ/ ደብዳቤው ከሌላ አድራሻችን ዞሮ የመጣ ከሆነ፣ በስህተት የምንከሰው አዟሪውን የራሳችንን ሰርቨር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አዟሪዎቹን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

3ኛ/ በአቤቱታው ውስጥ የተቀባዩ ስምና አድራሻ አብሮ ይሄዳል። የግል ጉዳይ ያለበትን ደብዳቤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንላክ። ሶፍትዌሩም በራሱ ፈቃድ ሳይሆን ተጠይቆ ቢልክ ይሻላል።

4ኛ/ የዝርዝሩ ባለቤት በአንድ ሰው ቃል ብቻ አይፍረድ። ተፎካካሪውን ለመጉዳት የሚከስም አለና። አቤቱታ አቅራቢዎች ቢመዘገቡ፣ ከዚህ በፊት ትክክል የተናገረ ሰው ቃል የበለጠ ክብደት ቢያገኝ ፍርዱ ይቃናል።

ሕጉስ ምን ይላል?

በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ስለ አይፈለጌ መልእክት ደንግጓል። ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ በማሰብ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ኢሜይል ማሰራጨት ያስቀጣል። የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ ከሰፈረበት፣ ተቀባዩም «ይብቃኝ» የሚልበት ቀላል መንገድ ከተቀመጠለት ግን ማስታወቂያው አይከለከልም። ልብ በሉ፤ ሕጉ ራሱ «ይብቃኝ» ማለት የሚቻልበትን መንገድ የቅን ላኪ መለያ አድርጎታል። ሆኖም ለነጭ ዝርዝር ባለቤት መጻፍ ለፖሊስ ማመልከት አይደለም። ገንዘብ የተላከ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ባንክ፣ ቀጥሎም ወደ ፖሊስ መሄድ ያስፈልጋል።

ለእኛ ለመምህራን የቀረው

«ይህ የከተማና የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ በመተማና በቋራ ት/ቤት ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ጉዳቱ የሚከፋው እዚያ ነው። ከተማ ያለ ሰው የጠፋ ደብዳቤ ቢኖር ቢሮ ሄዶ ይጠይቃል። ቆላው ላይ በክረምት ጥቁሩ ዋልካ መንገዱን ሲይዘው ቢሮው ቀርቶ የሚቀጥለው ቀበሌ ይርቃል። ኔትወርክ ሲመጣ ደብዳቤ በአንድ ስልክ ይከፈታል፣ የተነበበውም ይታመናል። አንድ መምህር «እውነት ነው» ካለ መንደሩ ሁሉ እውነት ነው ይላል። መምህር ራሱ በነጭ ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ነው!

ስለዚህ ልምምድ ስትወጡ እነዚህን ይዛችሁ ውጡ። ደብዳቤ ገቢ ሣጥን ውስጥ ስለገባ ብቻ ተመርምሮ ጸድቋል አትበሉ፤ «ነጥቡ 5 አልሞላም» ማለት ብቻ ነው። የሚጣልበትን ሣጥን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ክፈቱ፤ ቅን ደብዳቤ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ካገኛችሁ «አይፈለጌ አይደለም» በሉት፤ ይህም ምስክርነት ነው። ወጥመድ ስታገኙ ሰርዛችሁ አትለፉ። ስትሰርዙት ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከነራስጌው አስቀምጣችሁ ለሰርቨሩ ኃላፊ አስረክቡ፤ የቀረውን እሱ ያውቃል።

ከሁሉ የሚከብደው እፍረቱ ነው። ጓደኛችን ለሦስት ሳምንት ለማንም አልተናገረችም። «መምህር ልሆን ነው፣ እንዴት ተታለልኩ ልበል?» ብላ ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ያ ሰርቨር መካከለኛ እምነቱን እንደያዘ ስንቱ ዘንድ እንደገባ ማን ያውቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የዝርዝሩ ባለቤት ዓይን የለውም ብለናል፤ ዓይኑ እኛ ነን።

ይህን ጽሑፍ ጓደኛችን አንብባ ስሟ ሳይጠራ እንዲወጣ ፈቅዳልናለች። ልምምዷን ዘንድሮ ገለጉ ላይ ጀምራለች። ሌላም እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ በግድግዳ ጋዜጣው ሣጥን ውስጥ ጻፉልን። መልስ እንሰጣለን።